ሁለተኛው ዉፈር የገባበት ሳምንት

ይሄ የደረሰው በእኔ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፣ ያነበብኩትም አይደለም።

ላታምኑኝ ትችላላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ በእኔ ባይደርስ እኔም አላምንም ነበር።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሬ በፊት ልንገራችሁ... ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ነሐሴ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ አስፋልቱን የምታቀልጥበት ሰዓት።

ጨለማ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላፈርኩ ነበር።

ስሜ ዚሲስ ይባላል። የምኖረው ካቫላ የምትባል የወደብ ከተማ ነው፤ ባሕሩ ከሥር፣ ቤቱ ሁሉ ዳገቱ ላይ ተደራርቦ። አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፣ ለምሳ ቤቴ ነኝ። ባለቤቴ ኤቫንቲያ አንድ ሆቴል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ እሷ የምትመለሰው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው።

ልጅ የለንም። ያለን ፊልም ነው።

ሳሎናችንን ቀስ በቀስ ትንሽ ሲኒማ ቤት አድርገነዋል። ግድግዳው ላይ ነጭ ሸራ፣ ዙሪያውን ስፒከሮች፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ሰብዉፈር... ያ ነጎድጓዱን፣ ፍንዳታውን፣ ወፍራም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ጥቁር ሣጥን።

ጠባችን በእሱ ነበር።

እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ ወፍራሙ ድምፅ ደረቴን ይመታኛል። እሷ ከጎኔ ተቀምጣ ምንም አይደርሳትም።

"አንተ ጋ ዝናብ፣ እኔ ጋ ድርቅ" ትለኛለች። "አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ሁለት ፊልም ነው የምናየው።"

"ቦታ እንቀያየር።"

"ከዚያ አንተ ልታኮርፍ? ይቅርብኝ።"

ላዞስን አማከርኩት። አብሮ አደጌ ነው፤ ወደቡ አጠገብ የድምፅ ዕቃ ይሸጣል።

"አንድ ዉፈር ማለት በአንድ እግር መቆም ነው" አለኝ። "ወፍራም ድምፅ ክፍል ውስጥ እንደ ገንዳ ውሃ ይዋልላል። አንዱ ጋ ይከመራል፣ ሌላው ጋ ይጎድላል። ሁለተኛውን ትይዩ አድርገህ ብታስቀምጠው፣ ይሄኛው የጎደለበትን ያኛው ይሞላልሃል። ጩኸት ለመጨመር እኮ አይደለም፤ ለማስተካከል ነው።"

"ለኤቫንቲያ ብዬ ነው" አልኩት።

ሳቀብኝ። "ለኤቫንቲያ... ለእሷ? የጋራዡን ልጆች ሰብስበህ ልትጎርርባቸው ነው እንጂ።"

ደህና አድርጎ ነው የሚያውቀኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይዞት መጣ። የድሮውን ከሸራው ሥር መሃል ላይ አደረገው፣ አዲሱን ከሶፋው ጀርባ ካለው ግድግዳ መሃል። ከዚያ አንድ ወጥ ድምፅ ለቀቀ። ሙዚቃ አይደለም... ከሩቅ እንደሚሰማ የመርከብ ሞተር ዝም ብሎ የሚያጉረመርም ነገር።

"በል ክፍሉን ዙር" አለኝ። "የሚጎድልበት ቦታ ካለ ንገረኝ።"

ዞርኩ። በሩ ጋ አለ። ጠረጴዛው ጋ አለ። የኤቫንቲያ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፤ ደረቴን መታኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

ድምፁ ጠፋ።

ቀነሰ አላልኩም... ጠፋ።

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አልኩ፤ አለ። ወደ ፊት፤ የለም።

"ላዞስ፣ እዚህ ጋ የድምፅ ጉድጓድ አለ።"

"ትንሽ ዝቅ ይል ይሆናል እንጂ..." እያለ መጣና ቆመበት።

ፊቱ ተለወጠ።

"ነፍሳቱስ?" አለኝ።

"የምን ነፍሳት?"

"ውጭ ጥዱ ላይ የሚንጫጩት። እዚህ ቆሜ አይሰሙኝም።"

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔ ከቆምኩበት ጩኸታቸው ጆሮ ይበጥሳል።

ላዞስ አንገቱን ወደ ግራ አወጣ፣ ወደ ቀኝ አወጣ። ዳር ዳሩን ፈለገ።

"ስፋቱ የሰው ትከሻ ያህል ነው" አለ። ወዲያው ያፈረ መሰለኝ፣ ሳቅ ብሎ አለፈው።

ምሳ በላን። የተጠበሰ ሰርዲን፣ ቲማቲም፣ ትንሽ የወይን አረቄ። ከምሳ በኋላ ድምፁን እንደገና ለቀቀው።

መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሙሉ ነው፤ ምንም አይጎድለውም።

"ተስተካከለ" አልኩት።

እሱ ግን መስኮቱ ጋ አልመጣም። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል፤ ሲበላ ከተቀመጠባት ወንበር ጎን። እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል፣ ጨለማ ውስጥ ግድግዳ እንደሚፈልግ ሰው።

"እዚህ መጥቷል" አለ ቀስ ብሎ።

"ምኑ?"

"ዉፈሮቹን ነክተሃቸዋል?"

"አብረን አይደል እንዴ የበላነው።"

"ጉድጓድ አይሄድም፣ ዚሲስ። ዕቃው ካልተነሣ፣ ግድግዳው ካልፈረሰ... አይሄድም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

"የገመድ ብልሽት ይሆናል።"

"ገመድ ነው?"

"ገመድ ነው አልኩህ።"

የቀዳሁለትን አረቄ እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። ላዞስ ብርጭቆ ላይ አረቄ ትቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ለኤቫንቲያ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? ሳሎናችን ውስጥ የሚዞር ጉድጓድ አለ ልበላት? አፈርኩ።

ማታ እራት እንደበላን ፊልም ከፈትን። የፊልሙ የመጀመሪያ ማዕበል ሲመጣ ክንዴን ጨበጠችኝ። እንደዚያ ደስ ብሏት ያየሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

"አሁን ገና አንድ ፊልም አየን" አለችኝ።

መሃል ላይ ጆሮዋን በጣቷ አሸት አሸት አደረገች።

"ምነው?"

"እንጃ... አንድ አፍታ ድፍን አለብኝ።"

ዓይኔን ሸራው ላይ ተከልኩ።

እሑድ ከቀትር በፊት በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። እትዬ ፖሊክሴኒ ናቸው።

እትዬ ፖሊክሴኒ ከእኛ ሥር ባለው ቤት ነው የሚኖሩት፣ ብቻቸውን። በወጣትነታቸው የትምባሆ መጋዘን ውስጥ ቅጠል ይለዩ ነበር። እኛ ወደዚህ ሕንፃ ከመግባታችን በፊት ታመው ጆሯቸው ጭራሽ መስማት አቁሟል።

ሊከሱኝ እንደመጡ አልተጠራጠርኩም። ወደ ኤቫንቲያ ዞር አልኩና፣ ጀርባዬን ለእሳቸው ሰጥቼ፣ በሹክሹክታ...

"ደንቆሮዋ ጩኸት በዛብኝ ልትል መጣች።"

ኤቫንቲያ አልሳቀችም። ዓይኗ ከጎኔ ባለው ነገር ላይ ቀረ።

ኮት መስቀያው ላይ መስታወት አለ። ፊቴ ቁልጭ ብሎ ይታይበታል። እትዬ ፖሊክሴኒ ደግሞ ከንፈር ያነባሉ።

"ደንቆሮዋ ጩኸት አልበዛባትም፣ ልጄ" አሉ ፈገግ ብለው። "በለስ ይዛላችሁ ነው የመጣችው።"

በእጃቸው ሳህን ነበር።

የምገባበት ጠፋኝ። ሳህኑን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ኤቫንቲያ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

እትዬ ፖሊክሴኒ ሲናገሩ ድምፃቸውን መመጠን አይችሉም። አንዴ ይጮኻሉ፣ አንዴ ጨርሶ ይጠፋባቸዋል።

"ድሮ አንዱ ብቻ እያለ ወጥ ቤቴ ጥግ ላይ ትንሽ ይነዝረኝ ነበር" አሉ። "ከትናንት ወዲህ ወለሉም፣ አልጋውም፣ ግድግዳውም ነው። ባሕር ውስጥ እንደ መንሳፈፍ። ደስ ይለኛል። እንዳታጠፋብኝ።"

"ታዲያ ምን ሆነው..." ጀመርኩ።

"አንድ ቦታ አይነዝርም።"

መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩን።

"ትናንት እጄን ቤቴ ግድግዳ ላይ አድርጌ ነበር። ሁሉም ቦታ ይነዝራል፣ አንዱ ጋ ግን ዝም። መስኮቱ በኩል ነበር። ከዚያ ተነሣ። በእጄ ተከተልኩት... ወደ ጠረጴዛችሁ ሄደ።"

ኤቫንቲያ ወደ እኔ ዞረች። "ምንድን ነው የሚሉት?"

"ገመድ ነው" አልኩ። የላዞስን ውሸት ነው የተናገርኩት።

እትዬ ፖሊክሴኒ ከንፈሬን ሲያዩ ቆዩ።

"ነገ ክፈተውና ልምጣ" አሉኝ። "እናንተ በጆሮ ነው የምትፈልጉት። እኔ በእግሬ አገኘዋለሁ።"

ሲሄዱ ኤቫንቲያ ወጥ ቤት ውስጥ ክንዴን ያዘችኝ።

"እኔ ሳልኖር አታድርገው።"

"እሺ።"

"ዚሲስ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

በእኛ አገር ያ ሰዓት የዕረፍት ሰዓት ነው። በሕግም ማንም አይጮኽም። ሰው ሁሉ መጋረጃውን ዘግቶ ተኝቷል። እኔ በካናቴራና በውስጥ ሱሪ ነበርኩ፤ ሙቀቱ አያስለብስም። ቁምጣ አጥልቄ ከፈትኩ።

ኤቫንቲያ እስክትመጣ ይጠብቁ ልላቸው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ቃል በስማቸው ከተናገርኩ በኋላ በምን አፌ ተመለሱ ልበላቸው?

"ይግቡ" አልኳቸው።

ነጠላ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው በባዶ እግራቸው ገቡ።

ድምፁን ለቀቅሁት። ዝቅ አድርጌ፣ ሰው እንዳይነቃ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀስ እያሉ መራመድ ጀመሩ።

"አለ..." አሉ።

ሌላ እርምጃ።

"አለ..."

ጠረጴዛውን አለፉ። መስኮቱን አለፉ።

"አለ... አለ..."

ሶፋው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"የለም።"

የኤቫንቲያ ቦታ ነው።

እግራቸውን፣ የውሃ ቅዝቃዜ እንደሚሞክር ሰው፣ አንዴ ወደ ፊት ሰደድ አድርገው መለሱት። ከዚያ ዞሩና ቁጭ አሉበት።

እኔ ከሶፋው ጀርባ ነኝ፣ አዲሱ ዉፈር አጠገብ። የማየው ነጭ ፀጉራቸውን ብቻ ነው። እሳቸው ፊታቸው ወደ ሸራው ነው፤ ሸራ ደግሞ እንደ መስታወት ሰው አያሳይም።

ለራሴ ነው ያልኩት። በትንፋሽ...

"ምን ውስጥ ነው የገባሁት።"

"አትፍራ" አሉ።

ጀርባቸው ወደ እኔ ነው።

የሶፋውን መደገፊያ ጨበጥኩ።

"እትዬ... ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል።"

ድምፃቸው ልክ ነበር። አልጮኹም፣ አልጠፋባቸውም። ጆሮ ያለው ሰው እንደሚናገረው ተናገሩ።

"ምን... ምን ይሰማዎታል?"

"አንተ። ጥዱ ላይ ያሉት። ደግሞ እሱ።"

"ማን?"

ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል አደረጉ... አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ሲያንሾካሹክላቸው ጆሮ እንደሚሰጡ። ከዚያ ሳቅ አሉ። የልጃገረድ ሳቅ፣ አፍራ በእጇ አፏን እንደምትሸፍን።

"ምን አለዎት?"

"እሑድ ያልከውን ነው የሚለኝ" አሉ። "'ደንቆሮዋ ጩኸት በዛብኝ ልትል መጣች።' ደጋግሞ እሱኑ።"

እጄ ሪሞቱን ፈለገ።

"በአንተ ድምፅ ነው የሚናገረው፣ አይደል? እኔ እኮ ድምፅህን ሰምቼው አላውቅም። ወፍራም ይመስለኝ ነበር።"

ሪሞቱን ተጫንኩ። ድምፁ ተቋረጠ። የሁለቱም ዉፈሮች ትንንሽ መብራቶች ጠፉ።

ወለሉ ግን ከእግሬ ሥር መንዘሩን አላቆመም።

እትዬ ፖሊክሴኒ አሁንም ራሳቸውን እንዳዘነበሉ ናቸው። በጨዋ ሰው አነጋገር፣ ለእኔ ሳይሆን ለጎናቸው...

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" አሉ።

ምኑን እንደሚነግሩኝ አልጠበቅሁም።

ሮጥኩ።

የሰማንያ ዓመት ሴት ሶፋው ላይ ትቼ ሮጥኩ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። መንገዱ መሃል ላይ ራሴን አገኘሁት፤ በባዶ እግሬ፣ በካናቴራ። አስፋልቱ እግሬን ይጠብሰኛል፣ እኔ "ሰው... ሰው..." እያልኩ እጮኻለሁ። ቁምጣዬ በር እጀታ ይዞት ጎኑ ተቀዷል።

መስኮቶች ተከፈቱ። በረንዳዎቹ ሁሉ ሰው አወጡ።

"እሳት ነው?" አለ አንዱ።

የኪዮስኩ ባለቤት መጣ። "ሌባ ገባብህ?"

ምን ልበል? ተናገሩ እስቲ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

"ምንም" አልኩ።

"ምንም ከሆነ በዕረፍት ሰዓት ምን ያስጮህሃል፣ ያውም ቂጥህን ገልጠህ" አለኝ ከሁለተኛ ፎቅ አንድ ሰውዬ። ሳቁ። ሕፃናት ሳይቀሩ ሳቁ።

እትዬ ፖሊክሴኒ ፎቅ ላይ ቀርተዋል ብል፣ ትተሃቸው ወጣህ? ሊሉኝ ነው። ስለዚህ አላልኩም። ቁምጣዬን በእጄ ይዤ ዛፍ ጥላ ሥር ቆምኩ። አንድም ሰው ወደ ቤታችን አልወጣም፤ የሚወጣበት ምክንያት አልሰጠኋቸውማ።

ኤቫንቲያ በዳገቱ ብቅ ስትል እዚያው ነኝ። ሰዉን አየች። እኔን አየች።

"ምን ሆንክ?"

መሬት አየሁ።

"ዚሲስ። እትዬ ፖሊክሴኒስ?"

ዓይኔን ወደ በረንዳችን ወረወርኩ።

"ላይ ናቸው?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ትተሃቸው ወረድክ።"

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን እጄ ላይ አኖረችና ወደ ሕንፃው ገባች።

አልተከተልኳትም። እግሬ እምቢ አለኝ ብል ውሸት ነው። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ቦርሳዋን አቅፌ ቆምኩ፣ እንደ ዕቃ ጠባቂ።

ጭንቅ እንዳይሆንባችሁ፣ ማንም አልሞተም። እትዬ ፖሊክሴኒ ደህና ናቸው። ጆሯቸው ያው ነው፣ ምንም አይሰማቸውም። ሊነግሩኝ የነበረውን ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አንሥተውት አያውቁም። ሁለቱንም ዉፈሮች ላዞስ በማግሥቱ ወሰዳቸው። ኤቫንቲያ ስትገባ እሳቸውን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው እንዳገኘቻቸው፣ ሌላ ምንም እንዳላየች ነው የምትለው። አምናታለሁ።

እስከ ዛሬ እዚያው ቤት ነን።

ግን ከመንገዱ ላይ ሆኜ ያየሁት ነገር አለ። ለእሷም፣ ለማንም አልነገርኩም። ለእናንተ ነው።

ትንሽ ቆይተው ሁለቱም በረንዳችን ላይ ወጡ። እትዬ ፖሊክሴኒ ክንዷን ይዘዋል፣ ፀሐይዋን በእጃቸው ከልለዋል። ኤቫንቲያ ወደ ታች ጎንበስ ብላ ተጣራች።

"ምንም የለም። ና፣ ውጣ።"

ቀና አልኩ።

ከኋላቸው የበረንዳው በር አለ። በእኛ አገር እያንዳንዱ በር ከላይ የሚወርድ መዝጊያ አለው፤ ከውስጥ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ጠፍር ተስቦ ነው የሚወርደው፣ ተስቦ ነው የሚነሣው። ያለ ሰው እጅ አይንቀሳቀስም።

መዝጊያው መውረድ ጀመረ።

ተበጥሶ አልወደቀም። ቀስ እያለ... ድምፅ እንዳያሰማ እንደሚጠነቀቅ ሰው... እስከ ወገባቸው ወረደ።

ቆመ።

ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተውታል። አላዩም።

ከዚያ ደግሞ፣ እንደዚያው ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ ተሳበ። እንዲገቡ።

አፌን ከፈትኩ።

ያ ሁሉ ሰው በየበረንዳው ቆሞ ያየኛል። የኪዮስኩ ሰውዬ ገና እየሳቀ ነው።

አፈርኩ።

አፌን ዘጋሁ።

ኤቫንቲያ እትዬ ፖሊክሴኒን ደገፍ አድርጋ ዞረች፣ ሁለቱም ገቡ... መዝጊያውም ከኋላቸው ተዘጋ።